ወገቤን አሞኝ የዘለልኩበት ረቡዕ

መቼም እናንተ ሰው አታሙም። ስለዚህ እኔው ራሴን በራሴ ልማላችሁ። ነገሩን ከሌላ አፍ ከምትሰሙት ከባለቤቱ ብትሰሙት ይሻላል። ቪዲዮውን ያየ ካለ ደግሞ እባካችሁ ሳልጨርስ አይሳቅብኝ፤ መሳቂያው ቦታ ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ። ብዙ አይደለም።

አገር ቤት መንገድ ቀያሽ ነበርኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በቅየሳ መነጽር ያላየሁት ተራራ፣ ችካል ያልተከልኩበት ገደል የለም። ቶሮንቶ ከመጣሁ በኋላ ግን ሁለቱንም ዓይኔን ከፍቼ የሚታየኝ ነገር ጠፋ። በኤጀንሲ በኩል ሬክስዴል፣ ከኤርፖርቱ ወዲህ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ለቃሚ ሆንኩ። ክንዴ ላይ የምትታሰር ትንሽ ማሽን አለች። «አርባኛው መደርደሪያ ሂድ፤ የውሻ ሻምፑ አንሣ» ትለኛለች፤ እሄዳለሁ፤ አነሣለሁ። ከዘገየሁ ጢጥ ትላለች። እናቴ እንኳ በልጅነቴ እንደዚያች ማሽን አልተቆጣችኝም።

ባለቤቴ ትርሲት ናት። ስፖንሰር አድርጋ ያመጣችኝም እሷ፣ ኮሌጅ ያስመዘገበችኝም እሷ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሙሉ ቀን ሽማግሌ ስታነሣና ስታስተኛ ውላ ቤት ስትገባ እኔን ታገኛለች። «መጋዘን ውስጥ እንድታረጅ አይደለም ያመጣሁህ» አለችኝ አንድ ቀን፤ በሳምንቱ የተማሪ መታወቂያ አንገቴ ላይ ነበር። የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት፣ የግንባታ ሥራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት እስከ አሥር። እኔ እንድማር ብላ እሷ ቅዳሜ ከሰዓት ተጨማሪ ሺፍት ያዘች። ጠዋት ምሳዬን ቋጥራ በሩ ላይ ትሰጠኝና «የተማሪ ምሳ!» ብላ ትስቃለች። ሳቋን ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ዓመት ብዙ አልሳቀችም።

ትምህርቱ አልከበደኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን የገደለኝ ትምህርቱ አይደለም። የገደለኝ ግሩፕ ወርክ ነው። ከአራት ልጆች ጋር መደቡኝ፤ የሁለቱ ዕድሜ ቢደመር የኔን አያክልም። ሥራው ድልድይ በኮምፒውተር መሳል ነበር። እኔ ድልድይ ሲሠራ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ቆሜ አውቃለሁ እንጂ ድልድይ በማውዝ ጎትቼ አላውቅም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ አልሰደቡኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንደኛው በትሕትና «ሰር፣ አንተ ፕሪንቱን ያዝልን» አለኝ። የግሩፑ የፕሪንት ኃላፊ ሆንኩ። ያንንም አበላሸሁት፤ ድልድዩን ለሁለት ገጽ ቆርጬ አተምኩት፤ ግማሹ ወንዝ ላይ ቀረ። ኅዳር ላይ የፈተናዬን ወረቀት ሲመልሱልኝ ውጤቱን አንድ ጊዜ አየሁት፤ ሁለተኛ አላየሁትም። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ።

ከወጣሁ በኋላ ነው ችግሩ የገባኝ። ሰዓቱ ገና ስድስት ተኩል ነው። ትርሲት ሥራ የምትገባው ከሰዓት ነውና ቤት አለች፤ እስከ አሥር ሰዓት ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ነው የምታውቀው። ውጭው ጆሮ ይቆርጣል። ግቢው ውስጥ መብራት በርቶ ሰው የሚገባበት አንድ ሕንጻ አየሁና ገባሁ። ጂም ነው። የኮሌጁ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ሊጫወቱ ያሟሙቃሉ። መግቢያው በተማሪ መታወቂያ በነፃ ነው። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ደጋፊ የሆንኩት፤ ሰው በፍቅር ይደግፋል፣ እኔ በብርድ።

እኔ የማውቀው ኳስ በእግር ነው። ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ኦፍሳይድ!» ብዬ ጮህኩ። ተመልካቹ የመጀመሪያ ዕርዳታ የያዘችውን ልጅ ጨምሮ ሰባት ሰው ስለነበር ድምፄ ጣሪያ ደርሶ ተመለሰ።

ከኋላዬ አንድ ሰው በአማርኛ፣ «አንተ፣ በቅርጫት ኳስ ኦፍሳይድ የለም» አለኝ።

ዞር ስል ኮፍያ ያደረጉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል ያቆሙ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ስንሻው ይባላሉ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ ከመውጣታቸው በፊት የስፖርት መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ከላይ ባለው መሮጫ ላይ አረጋውያን በነፃ በእግራቸው እንዲዞሩ ስለሚፈቀድ ይመጣሉ፤ አንድ ዙር ይዞሩና ሦስት ሰዓት ይቀመጣሉ።

«መኖር ነበረበት፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ «ልጅቷ እኮ እዚያው ቆማ ነው የጠበቀችው!»

«ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ተሸነፍን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተሸነፍን። ስለ ቡድናችን የምነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ይሸነፋል። አሥራ አንድ ቁጥር የለበሰች አንዲት አጭር ልጅ አለች፤ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ካልሲዋን ወደ ላይ ትስባለች፣ እንደገና ትሮጣለች። ጨዋታው ማለት ለእኔ እሷ ነበረች። ካልሲዋን በሳበች ቁጥር እኔም ሱሪዬን ከፍ አደርጋለሁ።

ለምን ለትርሲት አልነገርካትም ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልነግራት ነበር። ማታ ከሥራ ገብታ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለችኝ፤ «ስለ ጭነት ሚዛን» አልኳት። ውሸት በመጀመሪያው ቀን እንደ እንግዳ ይገባል፤ በሁለተኛው የቤት ቁልፍ ይጠይቃል። ምሳው እየተቋጠረ፣ እኔ ቦርሳዬን አንግቼ እየወጣሁ፣ ታኅሣሥ አለቀ፤ ጥር ገባ።

ጋሼ ስንሻው በየሳምንቱ ገና ሳልቀመጥ «ነገርካት?» ይሉኛል።

«ሰኞ እነግራታለሁ።»

«ባለፈውም ሰኞ ነበር።»

«ያን ሰኞ ደክሟት ነበር።»

እንግዲህ ሰው የሚናገርበት ቦታ ይፈልጋል። መጋዘን ውስጥ የምትናገረው ማሽኗ ናት። ቤት ውስጥ አፌን ከከፈትኩ ኮሌጁ ይነሣል ብዬ ዝም እላለሁ። ስለዚህ የሳምንቱን አስተያየቴን ሁሉ ለቅዳሜ ማጠራቀም ያዝኩ። በየዕረፍቱ ለጋሼ ስንሻው አራግፈዋለሁ። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ከንቲባ፣ ስለ ባስ መዘግየት። እሳቸው አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሰጡም። አንድ ቀን ብቻ ፖለቲካ አምርሬ ሳወራ ከዘራቸውን አንሥተው፣ «ስማ፤ ፖለቲካ ማለት ዳኛው የአንዱን ቡድን ማሊያ ከውስጥ የለበሰበት ጨዋታ ነው። እኔ ከሜዳው ግንብ ዘልዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። አታውራብኝ» አሉኝ። አላወራሁባቸውም። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ።

የካቲት ላይ ጂሙ በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከዘንድሮ በኋላ አይኖርም ትላለች። መንግሥት የውጭ ተማሪ ቀንሷል፣ ተማሪ ሲቀንስ ገንዘብ ቀንሷል፣ ገንዘብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚታየው የሚሸነፍ ቡድን ነው። የመጨረሻዋ ጨዋታ ቅዳሜ ነበረች፤ በረዶ ጥሎ መንገድ ስለተዘጋ ወደ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተዛወረች። ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እኔ መጋዘን ነኝ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ረቡዕ ጠዋት ደውዬ «አሞኛል» አልኩ፤ ሲክ ኮል ይሉታል እዚህ።

ራቪ የሚባል ሱፐርቫይዘር አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። «ምንህን ነው ያመመህ?» አለኝ። ይህን አላዘጋጀሁም ነበር። በዓለም ያለ በሽታ ሁሉ በፊቴ አለፈ። ጉንፋን እንዳልል ድምፄ እንደ ደወል ነው። ወገብን መረጥኩ፤ ወገብ እንደ ልብ ነው፣ ገብቶ የሚያየው የለም።

ራቪ ደነገጠ። «አባቴም ወገቡን ነበር» አለኝ። «እንዳትንቀሳቀስ። በጀርባህ ተኛ። ከባድ ነገር እንዳታነሣ። በተለይ እንዳትዘል።»

ለምን እዘላለሁ አልኩት።

የዚያን ቀን ጂሙ ውስጥ አርባ ሰው ያህል ነበር፤ ለቀብር ሁልጊዜ ከልደት የበለጠ ሰው ይመጣል። ጨዋታው ተጀመረ። እንግዲህ የምነግራችሁን እመኑኝ፤ ዋሾ መሆኔን ከነገርኳችሁ በኋላ ይከብዳል፣ ግን እመኑኝ፦ መራን። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። አሥራ አንድ ቁጥር ከሩቅ ወረወረች፤ ገባ። እንደገና ወረወረች፤ ገባ። እኔ ካፖርቴን አወለቅሁ። ሦስተኛው ሲገባ አግዳሚው ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ዘለልኩ። ጋሼ ስንሻውን ከነከዘራቸው አቅፌ አነሣኋቸው። «አውርደኝ፣ አንተ ጅል!» ይሉኛል፤ ግን እየሳቁ ነበር፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ዕረፍት ሲወጡ በሁለት ነጥብ እንመራ ነበር።

በዕረፍቱ አንዲት ማይክ የያዘች ልጅ ስልክ ከያዘ ጓደኛዋ ጋር ወደኔ መጣች። የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ነው የምትሠራው።

«የማን አባት ነህ?» አለችኝ። አንቱ የሚባል ነገር የለም እዚህ አገር።

«የማንም አይደለሁም።»

«ታዲያ?»

«ተማሪ ነኝ።»

«ዋው! ምን ትማራለህ?»

እዚህ ላይ ነበር። «ግንባታ» ብዬ ብዘጋው ኖሮ ሁሉም በሰላም ባለቀ። ግን ለወራት ከጋሼ ስንሻው በቀር ለማንም ሳልናገር የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ልጅቷ ደግሞ ትክ ብላ ታየኛለች። ቡድናችን እየመራ ነው። ሰው በድል ሰዓት እውነት እንደሚያምረው ማን ነገረኝ?

በመጀመሪያ ስለ ስፖርት ተናገርኩ። ያሸነፈ ቡድን ደጋፊ አያስፈልገውም፤ ዋንጫው ይበቃዋል፤ ደጋፊ የሚያስፈልገው ለሚሸነፈው ነው አልኳት። እዚህ ላይ ብቆም የግቢው ፈላስፋ እባል ነበር። አላቆምኩም። ወደ ትምህርት ገባሁ። የሃያ ዓመት ሙያዬ ፕሪንት ላይ እንዳለቀ፣ ኅዳር ላይ አቋርጬ እንደወጣሁ፣ ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ እንደምታውቅ ነገርኳት። ልጅቷ አፏ ተከፈተ፤ እኔ ግን ወደ ፖለቲካ ተሻግሬአለሁ። ሰውን ለሠርግ ጠርቶ፣ ስጦታውን ተቀብሎ፣ ከዚያ «ቤቱን አጣበባችሁት» ብሎ እንግዳ መሳደብ በእኛ አገር ነውር ነው፤ በውጭ ተማሪ ላይ የተደረገው ይኸው ነው አልኩ። በመጨረሻ ወደ ሥራዬ ጉዳይ ደረስኩ።

«እኔ ዛሬ ወገቤን አሞኛል ብዬ ነው የመጣሁት» አልኩና ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ። «ወገቤ ደህና ነው። የታመመው ከወገቤ በላይ ያለው ነው» ብዬ ደረቴን በቡጢ መታሁ። የት እንደምሠራ ጠየቀችኝ። የመጋዘኑን ስም ነገርኳት። መደርደሪያውን ሳይቀር።

ስቀመጥ ጋሼ ስንሻው መሳቃቸውን ትተዋል።

«አሁን ለማን ነው የነገርከው?» አሉኝ።

«ለተማሪዎች ጋዜጣ።»

«ሚስትህን ዘለህ ለዓለም ነገርክ» አሉና ዓይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

ሁለተኛውን አጋማሽ አልተርክላችሁም። በሠላሳ አንድ ነጥብ ተሸነፍን። ሲያልቅ ልጆቹ መሀል ሜዳ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ልወጣ ስል አሥራ አንድ ቁጥር ፎጣዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ደረጃውን ወጥታ መጣች። ከቅርብ ሳያት ይበልጥ ልጅ ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «የማናችን አባት ነህ? እኔ የካይላ አባት ነህ ብዬ ነበር። ካይላ የኔ አባት መስለሃት ነበር።»

«የማንም አይደለሁም» አልኩ፤ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ።

ትንሽ አሰበች። «የኔ አባት አንድ ቀን እንኳ አልመጣም» አለችና እጄን ጨብጣ ወረደች። ካፖርቴን ስቆልፍ ቆየሁ።

በማግስቱ መጋዘን ስገባ የማላውቀው ሰው ሁሉ «ኮች!» አለኝ። ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል፤ ከስልኩ ውስጥ የራሴ ድምፅ ይሰማል። መሳቂያው ቦታ ይኸውላችሁ፤ ከፈለጋችሁ አሁን ሳቁ። ራቪ ቢሮው ጠራኝ።

«ወገብህ እንዴት ነው?»

«ተሽሎኛል።»

«አይቻለሁ ሲሻልህ» አለና ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አባቴን አስታውሼ አዘንኩልህ እኮ። እውነቴን ነው ያዘንኩት።»

ከቁጣው ይልቅ ይቺ ጎዳችኝ። አልተባረርኩም፤ ኤጀንሲ ሰው አያባርርም። ስልኩ ብቻ ዝም ይላል። አርብ አልደወሉም። ሰኞም አልደወሉም።

ትርሲትን ግን ሐሙስ ዕለቱን ነው ያገኘኋት። ምሳ ሰዓት ላይ አብራት የምትሠራ የአገራችን ልጅ «ባልሽ አይደለም እንዴ?» ብላ አሳይታታለች። ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ከነካፖርቷ፣ ከነጫማዋ ተቀምጣለች። ጫማ አድርጋ ምንጣፉን ረግጣ አታውቅም።

«ያን ሁሉ ቅዳሜ ኳስ ነበርክ?»

«አዎ።»

«የጭነት ሚዛኑስ? የአፈር ምርመራውስ? አንድ ቀን ቁጭ ብለህ በወረቀት አሳይተኸኛል እኮ።»

«እሱን ድሮም አውቀው ነበር።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። መጮኋን ተመኘሁ። እጆቿን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «ለሰው ሁሉ ሰኔ ላይ ይመረቃል ብያለሁ» አለች። «ለእናቴ ነግሬአለሁ። ሥራ ቦታ የዚያን ቀን ፈቃድ ሞልቼ አስፈርሜአለሁ። ሺፍት ስጨምር እንጂ ፈቃድ ስጠይቅ አይቶኝ የማያውቀው አለቃዬ... » ቃሉን አልጨረሰችውም።

«ልነግርሽ ነበር።»

«እኔን መውደቅህ አይደለም ያናደደኝ። ሰው ይወድቃል፤ ሥራዬ የወደቀ ማንሣት ነው። ለአንዲት ማይክ ለያዘች ልጅ የነገርከውን ለኔ ለመንገር ምን አነሰኝ?»

በሁሉ ነገር ላይ አስተያየት ያለኝ ሰው፣ ከንቲባውን ሳይቀር የማርም ሰው፣ አንዲት ቃል አጣሁ። ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ስትሄድ በሩ ላይ ቆመች።

«ቪዲዮው ጨዋታው መሀል ላይ ነው የሚያልቀው» አለች። «አሸነፋችሁ?»

«ተሸነፍን።»

ራሷን ነቀነቀችና ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ብርዱ አለፈ። ቤታችን ውስጥ «ኮሌጅ» የሚል ቃል የሚጠራ ጠፋ፤ ምሳም የሚቋጥር የለም፤ የራሴን ራሴ እቋጥራለሁ። ሚያዝያ ላይ መንገድ ሥራ ላይ ሥራ አገኘሁ። ቀያሽ አትበሉኝ፤ በአንድ በኩል «ቁም»፣ በሌላው በኩል «ቀስ በል» የሚል ሰሌዳ ይዤ ለመኪና አዞራለሁ። አንድ ወጣት ቀያሽ መሣሪያውን ሲተክል ከሩቅ አየዋለሁ። አንድ ቀን ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሎበት ነበር። ማንም አልጠየቀኝምና ሰሌዳዬን አዞርኩ። ለጋሼ ስንሻው አንዳንዴ እደውልላቸዋለሁ። በዚያ ጂም ሜዳ ላይ አሁን ገመድ ዘርግተው ሌላ ነገር ይጫወቱበታል አሉኝ፤ እሳቸውም ዙራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ሰኔ ገባ። ያ የምረቃ ቀንም ደረሰ። ትርሲት ፈቃዱን አልሰረዘችውም፤ ለምን እንዳልሰረዘችው አልጠየቅኋትም። እኔም ከሥራ ቀረሁ፤ በዚህኛው ጊዜ አለቃዬን «የግል ጉዳይ አለኝ» አልኩት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ጠዋት ስነሣ ተኝታለች። በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደ ልማዷ ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣችም። የስልኮቻችንን ድምፅ አጠፋሁ። የላይኛው ቤት ልጆች ሲሯሯጡ ወጥቼ አንኳኩቼ ለመንኳቸው። ማቀዝቀዣው እንዳይጮህ ፊቱ ላይ ቆሜ ተማጠንኩት ብል አታምኑኝም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ፤ ሶፋው ላይ እግሬን ሰብስቤ፣ እንዳላስል አፌን ይዤ ተቀመጥኩ። ትርሲት እንዲያ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

ስትነሣ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር ታትሞ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

«ስድስት።»

አየችኝ። ከዚያ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ሰዓቱን ራሷ አየች።